«እኔ ልክፈል!» ባዮችና የሰው አመል በሒሳብ ሰዓት

የሰፈር ታዛቢ፦

የሰውን አመል ለማወቅ አብሮ መንገድ መውጣት ወይም ገንዘብ ማበደር ያስፈልጋል ሲባል እሰማለሁ። ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? ጥብስ አዝዞ ሒሳቡ እስኪመጣ መጠበቅ ይበቃል። ያቺ ትንሽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ፣ እስከዚያ ድረስ ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ውድነት ሲያወራ የቆየው ሁሉ እውነተኛ መልኩን ይዞ ብቅ ይላል።

በእኔ ትዝብት የመጀመሪያውን ረድፍ የሚይዘው «ታጋዩ» ነው። የአስተናጋጁን ክንድ ይይዛል፤ «እናቴ ትሙት ከእርሱ እንዳትቀበል!» ይላል፤ ከወንበሩ ይነሣል፤ ጎን ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር እጁ ወደ ኪሱ የሚያደርገው ጉዞ ይዘገያል። ሌላው እስኪከፍል ድረስ ቦርሳውን አያገኘውም፤ ከተከፈለ በኋላ ግን ወዲያው ያገኘውና «ምን ነካህ? እንዲህ አይደረግም!» ብሎ ይቆጣል። የሚገርመኝ ቁጣው የምር መሆኑ ነው።

ከእርሱ ቀጥሎ ስልኩ የሚጠራበት አለ። ሒሳብ በመጣ ቁጥር የሚደውልለት ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሰዓቱን ግን አዛንፎ አያውቅም። «ተመራማሪው» ደግሞ ወረቀቱን ወደ መብራት ጠጋ አድርጎ ያነባል፤ «ይህ አምቦ ውሃ የማን ነው?» ብሎ ምርመራ ይከፍታል፤ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ በአንጎሉ አባዝቶ «ሁለት ብር ከሃምሳ ተበልተናል» የሚል ግኝት ይፋ ያደርጋል። ምርመራው ሲጠናቀቅ ሒሳቡን የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

እናንተስ ምን ዓይነቱን አይታችኋል?

ሽሙጥ፦

አንዱን ዘለልከው። ሌላው ሲታገል ዳር ቁጭ ብሎ ሰዎቹን በየዓይነታቸው የሚመድብ አለ። እርሱ ምደባውን እስኪጨርስ ሒሳቡ ተከፍሎ ያልቃል።

አስተናጋጁ፦

ካዛንቺስም ፒያሳም ምግብ ቤት ሠርቻለሁ። ታጋይ ደንበኛን የሚፈራው ሥራውን ያልለመደ አስተናጋጅ ነው። እኛ የምናየው ፊት ሳይሆን እጅ ነው። የምሩን የሚከፍል ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ቆጥሮ፣ አጥፎ መዳፉ ውስጥ ይዞታል። በሌሎቹ ክንድ ሥር አሳልፎ ያቀብለኛል፤ ዓይኑም እኔ ላይ ነው። ታጋዩ ግን ቦርሳውን ያወጣል፣ ይከፍታል፣ አውራ ጣቱን ግን ከብሮቹ ላይ አያነሣም። ዓይኑ ደግሞ ጓደኛው እጅ ላይ ነው። ያን አውራ ጣት ካየሁ እጄን ወደ ሌላው እዘረጋለሁ።

የሰፈር ታዛቢ ያላነሡት ዋናው ሰው «እጄን ልታጠብ» ባዩ ነው። ምግቡ መሃል ላይ ሲደርስ ይነሣል፤ ወደ መታጠቢያው የሄደ ይመስልና ካሸሯ ዘንድ ሄዶ በጸጥታ ይከፍላል፤ እጁን ሳይታጠብ ይመለሳል። እስከዚህ ድረስ ጨዋነት ነው። ፈተናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጨዋታው ደርቶ ሒሳብ የሚጠይቅ ሲጠፋ ሰውዬው መቁነጥነጥ ይጀምራል። ማንም ካልጠየቀ ማን ሊያውቅለት ነው? በመጨረሻ ራሱ እጁን አንሥቶ ከፍ ባለ ድምፅ «ወንድም፣ እስቲ ሒሳብ አምጣልን!» ይለኛል። እኔም ድርሻዬን አውቃለሁ፤ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ «ተከፍሏል!» እላለሁ። «ማን ከፈለ?» ሲባል እርሱ ጣሪያውን ያያል።

አንድ ጊዜ ሁለት «እጅ ታጣቢዎች» በአንድ ጠረጴዛ ተገናኙ። ሁለተኛው ካሸሯ ዘንድ ሲደርስ ተቀድሟል። ፊቱን ብታዩት መርዶ የተነገረው ሰው ይመስል ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር፣ የባንኮቹም መተግበሪያ እየተለመደ ሲሄድ፣ ይህ ትግል የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ጭራሽ አዲስ መሣሪያ ተገኘ። ድሮ የነበረው ኪስ መዳበስ ብቻ ነው፤ አሁን «ቆይ፣ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ» አለ፣ «ቆይ፣ የይለፍ ቁጥሬ ጠፋብኝ» አለ። ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ሲያስስ የነበረው ሰው፣ ጓደኛው በጥሬ ገንዘብ በከፈለ ማግሥት ቪዲዮ ከፍቶ ያሳየዋል።

ፍራንክፈርት ነዋሪ፦

አስተናጋጁ፣ እጅህ ይባረክ። ከሳቄ ብዛት ቡናዬን ደፋሁ።

እዚህ ጀርመን አስተናጋጅ ሒሳብ ሲያመጣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በአንድ ላይ ነው ወይስ በተናጠል? ጓደኛሞች ከሆኑ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በተናጠል ነው። እያንዳንዱ የበላውን ይናገራል፣ አስተናጋጁ ይደምራል፣ ሁሉም የየራሱን ይከፍላል፣ ማንም አይቀየምም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተጣልተው ሊለያዩ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።

ከሒሳቡ ይልቅ የጎዳኝ ግን ምግቡ ነው። ሰው ቤት ተጋብዤ «ትጨምሪያለሽ?» ሲሉኝ እናቴ እንዳሳደገችኝ «ኧረ በቃኝ» አልኩ። ሰሃኑ ተነሣ። ተነሣ ስላችሁ፣ ታጥቦ መደርደሪያ ገባ። «በሞቴ» የሚል የለ፣ «ይህቺን ብቻ» የሚል የለ።

ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው። አበሻ እንግዳ ሲመጣ እኔ ስጨምር፣ እንግዳው «በቃኝ» ሲል፣ እኔ ደግሞ ስጨምር ያያል። አንድ ቀን ወደ ወጥ ቤት ጠርቶኝ «ሰውዬው ሦስት ጊዜ አልፈልግም ብሏል፤ ለምን ታስጨንቂዋለሽ?» አለኝ። «ገና ሦስት ጊዜ ነው» አልኩት። እንግዳችን አምስተኛው ላይ እሺ አለና ዶሮ ወጡን ከነእንቁላሉ አጣጣመው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ይቆጥራል። አሁን ያስቸገረኝ የገዛ አገሩ ሰዎች ሲመጡም አምስት እስኪሞላ ድረስ መለመኑ ነው። ባለፈው እናቱ ተቆጥተው ወጡ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆች፣ ይሉኝታ የእኛ ብቻ ርስት እንዳይመስላችሁ። ጄሪ ሃርቪ የተባለ አሜሪካዊ የአስተዳደር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ አለ። ቦታው ቴክሳስ ውስጥ ኮልማን የምትባል ከተማ ናት። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ነው። ሰውዬው ከሚስቱና ከአማቶቹ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዶሚኖ ይጫወታል፤ ማራገቢያ አለ፣ ቀዝቃዛ የሎሚ መጠጥ አለ፣ ማንም የጎደለበት ነገር የለም። ድንገት አማቱ «ለምን አቢሊን ሄደን ራት አንበላም?» አሉ። አቢሊን 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መኪናው ማቀዝቀዣ የለውም። ሚስት «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። ባልም ሌላው ሁሉ ከፈለገ ብሎ «እናትሽ ከተስማሙ» አለ። እናት «እንዴታ! አቢሊን ከሄድኩ ቆየሁ» አሉ።

ሄዱ። አቧራ ጠጡ፣ የማይረባ ምግብ በሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ። ማታ ቤት ሲገቡ አንዱ ከመካከላቸው ለይሉኝታ «ጥሩ ጉዞ ነበር፣ አይደለም?» ሲል ጉዱ ወጣ። ለካስ አንዳቸውም መሄድ አልፈለጉም! አማትየው ራሳቸው ሐሳቡን ያነሡት ሌሎቹ የሰለቻቸው መስሏቸው ነው። አራት ጤነኛ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው አንድም ሰው ያልፈለገውን መንገድ ተጓዙ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛ አገር የምሽት እንግዳ ነው። እንግዳ መሄድ ይፈልጋል፤ ጠዋት ሥራ አለበት። ባለቤት እንቅልፍ ይዞታል። እንግዳ «እንግዲህ እንነሣ» ሲል ባለቤት «ምን አስቸኮላችሁ? ተቀመጡ እንጂ!» ይላል። እንግዳ ቶሎ ከሄድኩ ያኮርፋሉ ብሎ ይቀመጣል። ባለቤት ስለተቀመጡ ቡና ያስፈላል። ቡና ከተፈላ አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። እኩለ ሌሊት ሲሆን አራት ሰዎች ማዛጋታቸውን በነጠላና በእጃቸው ሸፍነው ስለ አየር ጠባይ ይወያያሉ። ከዚያ ደግሞ የበር ላይ ስንብት አለ፤ ቁጭ ብለው ያልተነሣው ዋና ጉዳይ ሁሉ የሚነሣው ቆመው፣ የበሩ እጀታ ተይዞ ነው።

ሽሙጥ፦

መምህር፣ ልዩነቱ ይኸው ነው፦ አሜሪካኖቹ ማታውኑ ተነጋግረው እውነቱን አወጡት። እኛ ብንሆን በሳምንቱም እንደገና አቢሊን ነን።

ቀጥተኛው፦

ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ማየቱ ይብቃ። ሐሙስ ማታ የስድስት ሰው ጥብስና ቢራ ታግሎ የከፈለ ጓደኛዬ ዓርብ ጠዋት ለቤት ኪራይ የሚሆን ብድር ጠየቀኝ። አበደርኩት። እያደር ሲገባኝ ጥብሱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ምርቃቱን የወሰደው እርሱ ነው። ብድሩ አልተመለሰም፤ መጠየቅ ደግሞ ይሉኝታ ይዞኛል። ተመልከቱት እንግዲህ፤ እርሱን ያስከፈለው ይሉኝታ እኔን ደግሞ አፌን ዘጋኝ።

በየፊናችን እንክፈል ብዬ ሐሳብ ባቀርብ «ፈረንጁ» የሚል ስም ወጣልኝ። ያው ጓደኛዬ ነው ያወጣልኝ።

የእድር ጸሐፊ፦

ቀጥተኛው ልጄ፣ ስለ ብድሩ እውነት አለህ። ስለ ሒሳቡ ግን አልስማማም። በየፊና መክፈል መዝገብ መዝጋት ነው። ዛሬ አንተ ከፈልክ፣ በሚቀጥለው እኔ እከፍላለሁ፤ እንዲህ እያልን መዝገቡ ሳይዘጋ ስለሚቆይ ነው የምንገናኘው። እኩል ተካፍለው የተነሡ ሰዎች መልሶ የሚያገናኛቸው ዕዳ የላቸውም።

ደግሞ «አንቆጥርም» የሚለው ሰው ሁሉ ይቆጥራል። አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ ትናንት የበሉትን አያስታውሱም፤ በ1990 ዓ.ም. የማን ተራ እንደነበረ ግን ከነምግቡ ይነግሩሃል። አፍ አውጥተው አይጠይቁም። «የዚያን ጊዜ የበላነው ክትፎ እንዴት ጥሩ ነበር!» ይላሉ፤ ባለ ዕዳው ይገባዋል።

እኔ ዓመሉን ሁሉ የማየው እድር ላይ ነው። ለቅሶ ባለመድረስ ቅጣቱ ይጨመር ብሎ የሚከራከረው አባል ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ራሱ የማይደርሰው ነው። መጥቶ አያውቅምና የእርሱ መቅረት ለእርሱ አይታየውም። ወርኃዊ ስብሰባ በ3 ሰዓት ተብሎ ሰው 4 ሰዓት ሲመጣ ስለ ሰዓት አለማክበር ረዘም ያለ ንግግር የሚያደርገው ደግሞ በ4 ሰዓት ከሩብ የገባው ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው በከንቱ አይደለም። ድንኳን ሲተከል ግን ካስማ የሚመታው ስሙን እንኳ በትክክል የማንጠራው አንድ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም።

አድማጭ ነኝ፦

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እዚህ የጻፈው ሁሉ ወይ ከፋይ ነው፣ ወይ ታዛቢ ነው፣ ወይ አበዳሪ ነው። ስልኩ የሚጠራበት አንድም ሰው አልመጣም። ታዲያ በመላው ኢትዮጵያ ሳይከፍል የሚነሣው ማን ነው?

ጡረተኛው መምህር፦

ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት አሜሪካውያንንና ስዊድናውያንን «የመንዳት ችሎታህ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከአሜሪካውያኑ 93 በመቶው፣ ከስዊድናውያኑ 69 በመቶው ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ ውስጥ መደቡ። በግማሽ ወንበር ላይ ይህን ሁሉ ሕዝብ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ተቀምጠዋል ግን። ስለ ልግስና ብንጠየቅ እኛም ከአሜሪካኖቹ የምናንስ አይመስለኝም። የከፈልንበትን ቀን ዋጋውን ጭምር እናስታውሳለን፤ የተከፈለልንን ቀን የምናስታውሰው ጨዋታውን ነው።

ሽሙጥ፦

ስዊድኖቹን 69 ላይ ያስቆማቸው ልከኝነታቸው ነው ወይስ በረዶው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ከአሜሪካን የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስወጣ ሁሉም ካርዱን ያወጣል፣ አስተናጋጇ ለየብቻ ታስከፍላለች፣ ነገሩ ያልቃል። እሑድ ደግሞ አበሻ ምግብ ቤት እንሄድና ያው የአገር ቤቱ ትግል። አንድ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ትግሉን መኪና ማቆሚያው ድረስ ይዘውት ወጡ። አንደኛው መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ሌላው የታጠፈ ዶላር ወረወረበት። እርሱ መልሶ ወረወረ። ያኛው በሌላኛው በር ዞሮ ወንበሩ ላይ አኖረው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዶላሩ በመስኮት ተመልሶ በረረ። ውሻ የምታንሸራሽር አንዲት ፈረንጅ ሴት ስልኳን አውጥታ ፖሊስ ልትጠራ ነበር። «እየተጣሉ አይደለም፣ ገንዘብ እየተሰጣጡ ነው» ብላት ይበልጥ ጠረጠረች።

የመምህርን ሐሳብ የሚያጠናክር ልጨምር። ኢራናዊ ጎረቤት አለኝ። እነርሱ ታሮፍ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ ባለ ታክሲው «ሒሳቡ ስንት ነው?» ሲባል «ኧረ ተወው፣ ለአንተ አይሆንም» ይላል። ማንም ተሳፋሪ አመስግኖ አይወርድም፤ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ባለ ታክሲውም በመጨረሻ ዋጋውን ይናገራል። ቻይናውያንም ሒሳብ ላይ እንደሚታገሉ እዚሁ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም የእነርሱን ሳይ የእኛዎቹ ገና ጀማሪዎች መሰሉኝ። ከጎረቤቴ ጋር ራት ወጥተን ነበር፤ የእርሱ ታሮፍና የእኔ ይሉኝታ ተገናኝተው ምግብ ቤቱ ሊዘጋ መብራት አጠፋብን።

አዲሱ አማች፦

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ቀልዱን አቁማችሁ እርዱኝ። ቅዳሜ የእጮኛዬ አባትና እናት ምሳ ጋብዘውኛል፤ ሆቴል ነው። ልክፈል ብል «ናቀን» ይሉ ይሆን? ዝም ብል «ቋጣሪ ነው» ይሉ ይሆን?

የእድር ጸሐፊ፦

የጠሩህ እነርሱ ናቸው፤ የሚከፍሉትም እነርሱ ናቸው። አንተ ግን መታገል አለብህ። ትግሉ ከልብ የመጣ ይምሰል፣ ግን ይሸነፍ። ከሁለት ጊዜ በላይ አትበል።

ቀጥተኛው፦

ጠይቃቸው! «አባባ፣ ልክፈል ወይስ ልተው?» በላቸው። አለቀ።

ፍራንክፈርት ነዋሪ፦

የቀጥተኛውን ምክር ከተከተልክ ሠርጉ ቀረ።

አስተናጋጁ፦

ወንድሜ፣ ሁለት ሰው ገንዘብ ሲዘረጋልኝ የምቀበለው ከጠራው ሰው ነው፤ ማን እንደጠራ ካላወቅኩ ደግሞ በዕድሜ ከሚበልጠው። ስለዚህ እጅህን ብትዘረጋም አይቀበሉህም፤ ሳትፈራ ዘርጋ። አውራ ጣትህን ግን ብሩ ላይ አታድርግ።

አዲሱ አማች፦

ሄጄ መጣሁ። ምክራችሁን ሁሉ ትቼ ምግቡ መሃል ላይ «እጄን ልታጠብ» ብዬ ተነሣሁ። ካሸሯ ዘንድ ስደርስ አባትየው ከፊቴ ቆመዋል፤ ለካስ እርሳቸውም «መኪናዬን ልየው» ብለው ወጥተው ነበር። ተያየን። ምንም አልተባባልንም። ካሸሯ ሁለታችንንም አይታ «ተከፍሏል» አለች። እናትየው ገና ስንገባ፣ እኛ ወንበር ስንመርጥ፣ ቀድመው ከፍለው ኖሯል። ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ ዓይናቸውን ከሰላጣው ላይ ሳያነሡ «ውሃ ነበረ ወይ መታጠቢያው?» አሉን።

ሽሙጥ፦

ልጅቱን እንዳትለቃት። አማትህን ግን ተጠንቀቅ።

አስተናጋጁ፦

እንኳን ደስ አለህ። ሦስታችሁም ለመክፈል ስትሽቀዳደሙ፣ ለአስተናጋጁ ጉርሻ የተወለት ማን ነው?